የሚጮኸው ይቆይ

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለፈው ዓመት የሒሳብ ትምህርት ሳይጠፋ ቀርቷል። ከሥሩ ሁለት የተማሪ ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው የቀዶ ጥገና አልጋ ሆነዋል። ሲስተር ጓንቷን አጥልቃ በአንድ ወጣት ወታደር ጭን ላይ ጎንበስ ብላለች። ወታደሩ አይጮህም። ከሌሎቹ ቀድሞ የገባውም ስለማይጮህ ነው።

ይህ የዶክተሩ ሕግ ነው። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ሆስፒታል ካደረገው ወዲህ፣ ቁስለኛ በመጣ ቁጥር፣ «የሚጮኸው ይቆይ፤ ለመጮህ አቅም አለው። ዝም ወዳለው ሩጪ» ይላታል። «ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ሰላም ሲሆን ነው። እዚህ መርዶ ነው።» በዚህ ሕግ ስንቱ ከሞት አፍ ተመልሷል። ሲስተርም ለምዳው፣ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ከዓይኗ ይልቅ ጆሮዋን ታምናለች።

ዛሬ ግን ዶክተሩ ራሱ በሩ ሥር ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። ረፋዱ ላይ ውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ የመድፍ ጥይት ወድቆ ፍንጣሪው ጎኑን አገኘው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ብዙም አይደማም። ሲስተር ልታየው ብትጎነበስ እጇን ገፋ አደረገና፣ «እየለፈለፍኩ አይደል እንዴ? ሕጉ ለእኔም ይሠራል። ልጁን አስገቢ» አላት። ሌላ ሐኪም የለም። እሷ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ ከጎኑ ቆማ ከማገዝ በቀር ብቻዋን ሞክራ አታውቅም።

«ከፍ ብለሽ ፈልጊ» አላት ከተኛበት። «የሚመታው ደም ሥር እሱ ነው። አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«በይ በመቆንጠጫው ያዢውና እሰሪው።»

ያዘችው። «ደሙ ቀጥ አለ» አለችው። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ወሬውን ጀመረ። መላጣውን እያሻሸ፣ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ» አለ። «ውሸት ነው። እኔ ሁለቱንም አውቄያለሁ፤ ሚስቴ በየቀኑ ትነግረኝ ነበር።» ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ስቀው ሌላ ቁስለኛ ሊያመጡ ወጡ። እሱ ግን አላቆመም። ስለ አማቱ አወራ፣ ስለ ጥርሱ አወራ። ክሩ ከሲስተር ጣት አዳለጠ፤ ደሙ እንደገና ፈነዳ። የዶክተሩ ድምፅ ጆሮዋ ሥር እንደሚዞር ዝንብ ሆነባት።

ዞር ሳትል፣ «ዶክተር፣ በእናትዎ ዝም ይበሉልኝ!» አለች። «ክሩ እያመለጠኝ ነው።»

«እሺ ሲስተር» አለ።

ዝምም አለ። ዝምታው ተመቻት፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰላም አላገኘችም ነበር። ክሩን ደግማ አሰረች። ቁስሉን አጥባ ሳትቸኩል ሰፋችው። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ዓይኑን ገለጠና «እናቴን!» ብሎ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ሲስተር ሳቋ መጣ። «ዶክተር፣ ጮኸልዎት!» ብላ ዞረች።

አልመለሰላትም። የሸሚዙን እጅጌ ነክሶ፣ ዓይኑን ወደ እሷ እንዳደረገ ቀርቷል። ተንበርክካ አንገቱን ዳበሰች፤ የሚመታ ነገር የለም። ሆዱ በውስጥ ደም ተወጥሯል። እጅጌውን ከጥርሱ ልታላቅቅ ብትሞክር እንቢ አላት። ሕመሙ ሲበረታበት መጮህ ፈልጎ ነበር፤ ዝም ይበሉ ስላለችው ዝም አለ። እዚያው፣ ከእጇ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ። እሷ ደግሞ በዝምታው ተደስታ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና።

ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ተመልሰው ከበሩ ሆነው አይተው ነበርና፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ኮሪደሩን ዞረ። ወጥታ ስትቆም ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከግራም ከቀኝም የሚሰማ የለም። እግሩ የተሰበረው ፎጣ ነክሷል፤ ፊቱ የተቃጠለው ግድግዳውን እየቧጠጠ ይንቀጠቀጣል። ማን ደህና እንደሆነ፣ ማን እየሞተ እንደሆነ አይለይም።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

አንድ ሸበቶ ሃምሳ አለቃ በቀስታ፣ «ለእሱ ክብር ነው፣ ልጄ» አላት። «ዛሬስ አንረብሽሽም።»

ከማን እንደምትጀምር ጨነቃት። ደም የነካው እጇ ወደ ሁሉም ተዘርግቶ ቀረ።

«ጩኹ» አለች። ማንም አልጮኸም። «እባካችሁ፣ በእናታችሁ... ጩኹልኝ!»