ለሚያብጥ ኮከብ የተተወ ትርፍ

እኔና የሚስቴ ታናሽ እህት ሆድና ጀርባ ከሆንን ሁለት ዓመት አልፎናል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምርቃቷ የሰፋሁላት ቀሚስ ጠበባትና፣ ዲፕሎማዋን ልትቀበል መድረክ ላይ ጎንበስ ስትል ከኋላዋ ተተረተረ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የምትመጣው እኔ ሱቅ ስውል ብቻ ነው። እህትም ወንድምም የለኝም፤ “ጋሼ” እያለች የምታበሽቀኝ እሷ ነበረችና ናፈቀችኝ።

ባለፈው ወር በሱቄ በር ብቅ ስትል ታዲያ መርፌው ከእጄ ወደቀ።

“ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ስቀውብኝ ነው እንጂ አንተ ጋ አልመጣም ነበር” አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል። “ኮከብ እንድትሰፋልኝ ነው።”

የምትሠራው ኮከቦችን በሚያጠና መሥሪያ ቤት ነው። በቬንትሌተር የሚነፋ የጨርቅ ኮከብ ለእንግዶች ልታሳይ ነው፤ ኃላፊዋም የጎብኚዎችን ክፍል እንድትመራው ይስጧት አይስጧት በዚያው ቀን ሊወስኑ ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ከአንገቴ የማይወርደውን ሜትሬን አስተካክዬ ደብተር አወጣሁ።

“ስሙ ማነው?”

“ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።”

“ምስኪን። ወገቡስ?”

“ፀሐይን ብርቱካን ብናደርጋት እሱ ሁለት ሜትር ይሆናል። ሃያ አምስት እጥፍ።”

“ይሄን የሚያህል ጎረምሳ እንዴት አንድ ቀን አላየሁትም?”

“ሽማግሌ ነው ጋሼ። ብርሃኑ የፀሐይን ሁለት መቶ እጥፍ ነው፤ ግን በጣም ሩቅ ስለሆነ ያለ መሣሪያ አይታይም። ጨርቁን ብርቱካንማ አድርገው፤ ቀዝቃዛ ነው።”

“ስንት ዲግሪ?”

“አራት ሺህ ምናምን።”

ካውያዬን አየሁት። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ በበረዶ ስተኩስ ኖሬያለሁ።

“ደግሞ ስስ ይሁን። ክብደቱ ከፀሐይ እምብዛም አይበልጥም፤ ያው ክብደት ተነፍቶ ነው።”

“ቆይ፣ ያበጠ ነው ወይስ እያበጠ ያለ?”

“እያበጠ ያለ።”

ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ሲሰፋ ከታች ትርፍ ታጥፎ ይተዋል፤ ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። ለልጅ አራት ጣት ይበቃል። ለኮከብ ስንት እንደሚበቃ እንዳልጠይቃት ፊቷ አላስጠጋኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እንደገና ከሚጠብ ብዬ ኮከቡ በሚገጣጠምባቸው አሥራ ሁለት የጨርቅ ቁራጮች ሁሉ ላይ አንድ አንድ ክንድ አጠፍኩና በስስ ክር ወሰወስኩት።

በዕለቱ ከሚስቴ ጋር ተጋበዝን። ቬንትሌተሩ ሲከፈት ኮከቡ ቀስ እያለ ተነሳ፤ ሁለት ሜትር ላይ ደርሶ ቆመ። ተጨበጨበ። ሚስቴ “ተመስገን!” አለች። ያኔ የመጀመሪያው ክር ብጥስ አለ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ኮከቡ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጣሪያውን ነካ፤ ጣሪያው ሲከለክለው ወደ ጎን ሄደ። ፀሐይ ተብላ አጠገቡ የተቀመጠችውን ብርቱካን፣ ወንበሮቹን፣ ኃላፊውንም ከነመነጽራቸው ዋጠ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ስመኝ እሱ ቀድሟት ዋጠኝ።

ከጨርቁ ማዶ የሚስቴ እህት ድምፅ ተሰማ። “ክቡራን እንግዶች! እንዲህ ያለ ኮከብ ሲያብጥ በቅርቡ ያሉትን ዓለማት ይውጣል። የተዋጣችሁ፣ ምን አገኛችሁ?”

“ኧረ ነፋስ ብቻ ነው!” አሉ ኃላፊው።

“ትክክል! ግዙፍ ነው፣ ግን ስስ ነው!”

የኃላፊው ሳቅ ጨርቁን አርገበገበው። ክፍሉንም እዚያው ሆነው፣ ገና ሳይወጡ ሰጧት።

እኔ አፍሬ አልወጣ ስል እሷ በእንብርክኳ ወደ እኔ ገባች።

“ስንት ነው ትርፍ የተውከው?”

“በየቁራጩ አንድ ክንድ።”

“አንድ ክንድ!”

“እያበጠ ነው አላልሽኝም?”

“በሚሊዮን ዓመት ነዋ ጋሼ!”

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ደስታዬን የት ላድርገው? ከዚያ ሜትሩን ከአንገቴ ሳብ አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

“በል ለካኝ፤ ቀሚስ እፈልጋለሁ” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። “እዚህ ጋ ትርፍ ተውልኝ። ከባሌ በቀር ገና ማንም አያውቅም። አንድ ክንድ ግን እንዳታደርገው።”