የጅቡቲ ባሕር በሳሎናችን

እኔ ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ዋበሪ ያን የመስታወት ገንዳ ተሸክሞ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲገባ «ይሄ ስንት ሰው ያበላል?» አልኩት። ዋበሪ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «አቦ የሺ፣ የሚበላ አይደለም፤ ለዓብዩ ነው» አለኝ።

ዓብዩ ባሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ያዘ። ብጠይቀው «ምንም»፣ ብቆጣው ዝም። ያ ተጫዋች ሰው እንዲህ ሲዘጋብኝ ፈራሁ፤ ለማን እንደምናገርም ጨነቀኝ። ዋበሪም ይህን አይቶ ነው ዓሣዎቹን ያመጣለት።

ገንዳው ውስጥ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁ ትናንሽ ብርቱካናማ ዓሣዎች አሉ፣ ባልና ሚስት። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ብዙ ጣቶቿን የምታወዛውዝ አንዲት ነገር ተለጥፋለች። ስሟ አኔሞኒ ነው አሉ፤ ዋበሪ ግን በሶማሊኛ «ኡበሕ» ይላታል፣ አበባ ማለት ነው። አበባ ትምሰል እንጂ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጥረት የምትበላ እንስሳ ናት። ሌላ ዓሣ ከተጠጋት ትነድፋለች፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ጣቶቿ መሀል ታስተኛቸዋለች።

«እነሱን ለምን አትነድፍም?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለራሴ።

ዓብዩ ከአልጋው ተነስቶ መጣ። «እስቲ እንይ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! የአኔሞኒዋ አፍ መሀሏ ላይ መሆኑን አገኘ። ትልቋ ዓሣ ሴቷ እንደሆነች፣ እሷ ብትሞት ትንሹ ወንድ ራሱ ሴት እንደሚሆን ከስልኩ አንብቦ ነገረኝ። «እንግዲህ እኔ ብሞት ወጡን አንተ ልትሠራ ነው» ስለው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ናፍቄው ነበር።

ከዚያ የድሬ ሙቀት ገባ። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ዘግቶ ቬንትሌተር ፊት ይተኛል፤ የኔ ባል ቬንትሌተራችንን አንስቶ ለገንዳው ሰጠ። እኔ በላብ ልለቅ። ውሃው ቀዘቀዘ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። በጎደለ ቁጥር ዓብዩ፣ ዋበሪ ከጅቡቲ በጀሪካን ከሚያመጣለት የባሕር ውሃ ይሞላበታል። ማንቆርቆሪያ በነጭ ቅርፊት የሚደፍነውን የድሬን ውሃማ ማን ይደፍራል? «የባሕር ልጆች የሚፈልጉት ባሕር ነው» ይላል።

አኔሞኒዋ መጨማደድ ጀመረች። ጣቶቿ አጠሩ። ዓሣዎቹም ጥግ ይዘው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ዓብዩ ባሕር ጨመረላት፤ ባሰባት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አልጋው ላይ አገኘሁት፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ።

«ሞተች?»

«ትሞታለች» አለኝ ሳይዞር። እሷ ከሞተች እሱም ከዚያ አልጋ አይነሳልኝም።

ተናድጄ ገንዳው ፊት ቆምኩ። ወላሂ ልሰድባት ነበር። የመስታወቱን ጠርዝ ስጠርግ ነጭ ነገር እጄ ላይ ቀረ፤ ብቀምሰው ጨው ነው። የገንዳውን ውሃ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩ፣ ቀጥዬ የጀሪካኑን። የገንዳው ምላስ ይቆርጣል። እኔ የፋብሪካ ክበብ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ጨው የበዛበትን ካላወቅሁማ ምኑን ሠራሁ?

«ዓብዩ፣ ተነስ።»

«ተዪኝ።»

«ተነስ ብዬሃለሁ። ወጥ እሳት ላይ ሲመጥ የሚጨመረው ጨው ነው ውሃ?»

«ውሃ» አለ፣ ወደ ግድግዳው።

«ቬንትሌተርህ የሚወስደው ውሃውን ብቻ ነው። ጨዉ እዚያው ቁጭ ብሏል። አንተ ደግሞ በጨው ላይ ጨው ትደፋባታለህ።»

ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «በድሬ ውሃ ልሙላ እንዴ?»

«በታሸገ ውሃ። ደግሞ ባንዴ እንዳትገለብጥባት፣ ትደነግጣለች።»

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ፣ እየቀመሰ ቆየ። አኔሞኒዋ ግን እንደ ጡጫ ተጨብጣ ቀረች። እኔም ውስጥ ውስጡን ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ለሱ አልነገርኩትም።

አንድ ቀትር ላይ ለከሰዓት ፈረቃ ልብሴን ስቀይር «የሺ፣ ነይ እስቲ» ብሎ ጠራኝ። አኔሞኒዋ ጣቶቿን ዘርግታለች። ትልቋ ዓሣ መጀመሪያ በጭራዋ ነካ አደረገቻት፣ ቀጥላ በጎኗ ተሻሸቻት፣ ከዚያ ጣቶቹ መሀል ጥልቅ አለች። ትንሹም ተከተላት።

«እኔ እኮ ጠፍቶብኝ ነበር» አለ ዓብዩ፣ ዓይኑን ከገንዳው ሳያነሳ።

«ምኑ?»

«ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አንቺ ሥራ ስትሄጂ ቱታዬን ለብሼ ጋራዡ በር ድረስ እሄድ ነበር። ዘበኛው ሰላም ይለኛል፣ እመለሳለሁ። ላንቺ መናገር አፈርኩ።»

ውጭ የፋብሪካው ሰርቪስ ክላክስ ነፋ።

«ሂጂ፣ ያመልጥሻል» አለኝ።

«ይሂድ» አልኩና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እሺ፣ ከዚያስ?»