ለልጅ የተያዘ ጾም

የሐምራዊት የወር አበባ ከቀረ ሦስት ወር ሞልቶታል። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ሳትመረመር ለእትዬ አሰፋሽ ሹክ አለች። እትዬ አሰፋሽ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከተማ ባለው ቤተክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ወሬ ሆዳቸው አያድርም። እሁድ መድረክ ላይ አቁመው አስመሰከሯት። ጉባኤው እልል አለ፣ ባሏ እንድርያስም በሰው ፊት አለቀሰ። ስድስት ዓመት የጠበቁት ልጅ ነዋ! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚለውን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ከሁለቱ ሥራዎቿ መሃል ሰዓት ሰርቃ ክሊኒክ ሄደች። ቀን ኖርክሮስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች፤ ማታ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንቶችን ታገላብጣለች። የምትተኛው ቢበዛ ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ የቀሰቀሰቻት ሙሉአለም የምትባል የአገሯ ልጅ፣ ነርስ ናት።

እርግዝና የለም አለቻት። ደሟም፣ ታይሮይዷም፣ አልትራሳውንዱም ደህና ነው። ሐምራዊት አዘነች፤ ለማልቀስ ግን ጉልበት አጣች። ሙሉአለም ስለ እንቅልፏና ስለ ምግቧ ጠየቀቻት። በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ማታ እንደምትጾም፣ በሌላውም ቀን አንዴ ብቻ እንደምትቀምስ ነገረቻት።

«በዓመት ሃያ ሁለት ፓውንድ ሉዝ አድርገሻል፤ አሥር ኪሎ ቀንሰሻል ማለት ነው» አለች ሙሉአለም። «ምግብና እንቅልፍ ሲያጣ ሰውነት መጀመሪያ የሚያቆመው የወር አበባን ነው። እንዲህ ሆነሽ ማርገዝ ከባድ ነው። ለምንድን ነው ይሄን ሁሉ የምትጾሚው?»

ሐምራዊት መልሱን ታውቀዋለች።

«ልጅ እንዲሰጠኝ።»

ሙሉአለም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ብትበላ፣ ብታርፍ፣ ከሥራዋም አንዱን ብትተው የወር አበባዋ እንደሚመለስ፣ ተስፋ መቁረጥ እንደማያስፈልግ ደጋግማ ነገረቻት።

ሐምራዊት መኪናዋ ውስጥ ገብታ እትዬ አሰፋሽ ጋ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«የሰይጣን ሥራ ነው ልጄ። አይዞሽ፣ አንለቀውም። ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን እህል ውሃ የሌለበት ደረቅ ጾም እንይዛለን።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለእትዬ የሰጠችው መልስ «እሺ» ብቻ ነበር። አሁንም አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ደክሟታል፣ አጥንቷ ድረስ ደክሟታል።

«እናንተ ጹሙልኝ፣ እትዬ» አለች። «እኔ ልብላ።»