ሳይነገር የሚመጣ ፈታሽ

የጨረታውን ሰነድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው። ማካይ ከተማ ውስጥ፣ ከከሰል ማዕድን ማውጫዎቹ ተጎድተው የሚመለሱትን የገልባጭ መኪና አካሎች በይዶ፣ ሞርዶ፣ ቢጫ ቀብቶ የሚመልስ ፋብሪካ አለ፤ እኔ እዚያ የውል ኃላፊ ነኝ። ምህንድስና ተምሬ ለምን ወረቀት ላይ እንደቀረሁ እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። እኔም ለማስረዳት ትዕግሥት የለኝም።

በዚያ ዓመት ለጨረታ የወጣው የቀለም መርጫው ክፍል ጥገናና ፍተሻ ነበር። ክፍል ይባል እንጂ ትልቅ የብረት ቤት ነው፤ አንድ ገልባጭ ከነሙሉ አካሉ ይውጣል። ንጹሕ አየር ከጣሪያው ይገባል፤ ከወለሉ ሥር ያሉት ማራገቢያዎች የቀለሙን ጉም ስበው፣ በማጣሪያ አሳልፈው ወደ ውጭ ይተፉታል። ማጣሪያው ሲደፈን አየሩ አይሳብም። ጉሙ እዚያው ቀቢው ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከቀለሙ ጋር የሚደባለቀው ማጠንከሪያ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሰው ሳንባ አንዴ ከተቆጣው በኋላ ሽታው ብቻ ያፍነዋል። መዳኛ የለውም። ሥራውን መተው ብቻ ነው።

ዋና ቀቢው ክላይቭ የእናቴ ወንድም ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ቀብቷል። በሩ ላይ ስሙን በነጭ ቀለም፣ በራሱ እጅ፣ አሳምሮ ጽፎታል። ሌሎቹ ሠራተኞች «የክላይቭ ቤት» ነው የሚሉት።

ፍተሻው እስከዚያ ድረስ እንዲህ ነበር። ቴሪ የሚባል የከተማችን ፈታሽ አስቀድሞ ይደውላል። ክላይቭ «እንግዳ አለብኝ» ብሎ ለዋረን ይነግረዋል። ዋረን ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የሠራተኛውን ሁሉ ልደት ያስታውሳል፣ ወጪ ግን እንደ መርፌ ይወጋዋል። የአዲስ ማጣሪያ ካርቶኖች ያሉበትን ስቶር የሚከፍተው ያኔ ብቻ ነው። ክላይቭ ማጣሪያዎቹን ሁሉ ይቀይራል፣ ወለሉን በመፋቂያ ይፍቃል፣ የመብራቶቹን መስታወት በጨርቅ ይወለውላል። በማግሥቱ ቴሪ የሥጋ ፓይ፣ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ሥጋ፣ ገዝቶ ይመጣል፣ አየሩን ይለካል፣ አረንጓዴ ምልክቱን በሩ ላይ ይለጥፋል፣ ከቀቢዎቹ ጋር ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ማጣሪያው እንደ አሮጌ ፍራሽ እስኪወፍር ማንም አይነካውም። ክላይቭ አዲስ ሲጠይቅ ዋረን «ቴሪ ሲመጣ» ይለዋል። የማጣሪያውን መደፈን የሚያሳየው ጌጅ መርፌው ከተጣበቀ ቆይቷል፤ የተጣበቀው ደግሞ አረንጓዴው ላይ ነው።

ክላይቭ መጀመሪያ ማታ ማታ አሳለው። ከዚያ ቀን ቀንም። ከዚያ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር እየመሰለ ያርፍ ጀመር። ሐኪሙ ማጠንከሪያው መሆኑን አረጋግጦ ዳግመኛ እዚያ ክፍል እንዳይገባ ከለከለው። ሌላ ሙያ የለውም። ለኢንሹራንሱ የካሣ ጥያቄ አስገባን። መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ የፍተሻ ሪፖርቶቹ ሁሉ የክፍሉ አየር ንጹሕ እንደነበር ያሳያሉ፤ ስለዚህ ሕመሙ ከሌላ ነገር የመጣ ነው፤ ምናልባት በከተማው ዙሪያ ባሉት እርሻዎች ሸንኮራ ሲቃጠል ከሚነሳው ጭስ፣ ምናልባት ከሲጋራ። ክላይቭ ሲጋራ በአፉ ነክቶ አያውቅም።

የቴሪ ውል ያለቀው በዚያው ወር ነው። ስለዚህ በአዲሱ ሰነድ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባሁ፦ ፈታሹ ቀን ሳያስነግር ይመጣል፤ ማንም ምንም ሳይነካ ክፍሉን እንዳገኘው ይለካል። ከቴሪ የመጨረሻ ጉብኝት ወዲህ ማጣሪያው አልተቀየረም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ክፍሉ በዕለት ተዕለት መልኩ ቢለካ የክላይቭ የካሣ ጥያቄ ተቀባይነት ያገኛል። ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። አብረውት የሚቀቡት ደግሞ የሚመግቡት ቤተሰብ አላቸው፤ እንዲመሰክሩ አልጠየቅኋቸውም።

ዋረን ረቂቁን ይዞ ቢሮዬ ገባ።

«ይሄ ‹ሳይነገር› የሚለው ምንድነው?»

«የተጻፈው ነው። ሳይደወል ይመጣል።»

«ሮዌና፣ እዚህ ከተማ ሳይደውል የሚመጣ ፖሊስ ብቻ ነው።»

«ፖሊሱም እንደ ቴሪ ፓይ ይዞ ከመጣ አይከፋም።»

«ቀልዱን ተይው። ቴሪ ምን በደለሽ?»

«ቴሪ ማንንም አልበደለም። ቴሪ የሚለካው ክፍልና ሰዎቹ የሚሠሩበት ክፍል ግን አንድ አይደለም።»

«ሰውየው ሲመጣ ንጹሕ ክፍል ያገኛል። ይሄ ጥፋት ነው? እናትሽ እንግዳ ሲመጣባት ቤት አትጠርግም?»

«እናቴ እንግዳ ሳይመጣም ትጠርጋለች። አንቀጹን ደግሞ ብሪዝበን ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት አጽድቆታል። የማዕድን ኩባንያዎቹ ኦዲተሮች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ ብዬ ጻፍኩላቸው።»

ትንሽ አየኝ። «ለአጎትሽ ነው እንዴ?»

«ለድርጅቱ ነው። አንተ ሁሌ እንደምትለው።»

ሥራውን ያሸነፈው ከሌላ ከተማ፣ ከሮክሃምፕተን የመጣ ድርጅት ነው። ፈታሿ ሊኔት ትባላለች፤ ከዚያ በፊት ማካይ ውስጥ ማንንም አታውቅም፣ ማንም አያውቃትም። የግቢ መግቢያ ፈቃድ የማወጣው እኔ ስለሆንኩ ቀኑን ከእሷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐሙስ።

ለክላይቭ መናገር ነበረብኝ። ኢንሹራንሱ «ውሳኔውን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ልኮለት ነበር፤ እሱ ደግሞ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲከማች ስለሚጨንቀው ሊፈርም ብዕር አንስቷል። እሑድ ሄድኩ። በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤቱ ሥር፣ በምሰሶዎቹ መሐል ባለው ጥላ፣ የማይጠቅም ብረት በብርጭቆ ወረቀት እያሸ አገኘሁት።

«ምንድነው እሱ?»

«የአሮጌ በር ማጠፊያ። እጄ ሥራ ሲፈታ ያሳክከኛል።»

«ያን ወረቀት እስከ ሐሙስ አትፈርም።»

«ሐሙስ ምን አለ?»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ በግልጽ፣ እንደ ውል አንቀጽ በተራ በተራ። ጨርሶ ሰማኝና «ማጣሪያውን የቀየረ የለም ማለት ነው?» አለ።

«የለም። እሱን ነው የምፈልገው።»

«ወለሉንስ?»

«ወለሉም እንዳለ ነው።»

«እነዚያ ልጆች አይፍቁትም። ነግሬያቸው ነበር። ቀለሙ ተደራርቦ እንደ ጭቃ ይሆናል እኮ።»

«አጎቴ፣ ቆሻሻ ሆኖ እንዲገኝ ነው የምንፈልገው። ገባህ?»

«ገብቶኛል። ሳንባዬ ነው እንጂ የታመመው ጭንቅላቴ አይደለም።» ብረቱን አሸ። «ሴትዮዋ ነጭ ናት?»

«ምን አገናኘው?»

«ጠየቅኩሽ።»

«አዎ። ታዲያ?»

«በሩ ላይ የእኔ ስም ነው ያለው፣ ሮዊ።»

«የሚጠፋው የዋረን ስም ነው።»

ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። ሲመለስለት «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ የተማርሽው ይሄን ነው?» አለኝ። «እኛ ጋ ቆሻሻ ሲገኝ የማን ስም እንደሚጠራ አታውቂም?»

የአያቴን ታሪክ ሊጀምር መሆኑ ገባኝ። በነጮች እርሻ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከባሕር ማዶ ደሴቶች የመጡት ጥቁር ሰዎች ልጆች ነን፤ ይህ ታሪክ በየቤታችን አለ። የጤና ተቆጣጣሪው ወደኛ ሰፈር ሲመጣ አያቴ የእንጨት ወለሏን በአሸዋ ፈግፍጋ፣ ልጆቿን አጥባ ደጃፍ ላይ ትደረድራለች። የጎረቤቷን ቤት «ቆሻሻ» ብለው ጽፈው አፍርሰውታል። የእሷን የሚጽፉበት አላገኙም። ክላይቭ ከተደረደሩት አንዱ ነበር። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ጊዜም አልነበረኝም።

«አውቀዋለሁ» አልኩና ተነሳሁ። «ሐሙስ ማታ እመጣለሁ። አትፈርም።»

«አልፈርምም» አለ። አልፈረመምም።

ሐሙስ ጠዋት ሊኔት በፒክአፕ መኪናዋ ግቢ ስትገባ ዋረን በር ላይ ቆሞ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል። እንግዳ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቁ የገባኝ ያኔ ነው።

የክፍሉን በር ሲከፍተው መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ። መስታወቶቹ ተወልውለዋል። ወለሉ እስከ ባዶ ብረቱ ድረስ ተፍቆ፣ በማሟሟያ ታጥቦ፣ ጠርዝ ጠርዙ ሳይቀር በጠባብ መፋቂያ ተጠርጎ ያበራል። ማጣሪያዎቹ ከካርቶን እንደወጡ ነጭ ናቸው። ሊኔት መለኪያዋን ይዛ ከጥግ ጥግ ሄደች። ቁጥሩን ሳትነግረኝ ከፊቷ አነበብኩት።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» አልኩት ዋረንን።

«ክላይቭ ነዋ። ትናንት ከሰዓት፣ አንቺ ስብሰባ ላይ እያለሽ መጣ። ‹ነገ እንግዳ አለብኝ፣ ስቶሩን ክፈትልኝ› አለኝ። ከፈትኩለት። ካርቶኖቹንም ራሴ ተሸከምኩለት፤ ሰውየው መተንፈስ አቅቶት ነበር።»

«ሐኪም የከለከለውን ሰው አስገባኸው?»

«ማስክ አድርጓል። ደግሞስ እሱን ከቤቱ የማስወጣ እኔ ማነኝ?» ድምፁ ውስጥ ደስታ አልሰማሁም። ቢኖር ኖሮ አንድ ነገር እወረውርበት ነበር።

«አሮጌዎቹ ማጣሪያዎችስ?»

«ክላይቭ በከረጢት አሰራቸው። የቆሻሻ መኪናው ጠዋት ወሰዳቸው።»

ሊኔትን ወደ ጎን ወሰድኳትና ማጣሪያዎቹ ትናንት የገቡ መሆናቸውን ነገርኳት።

«አይቻለሁ» አለች። «ግን ያገኘሁትን ነው የምጽፈው። አንቀጹ እንደዚያ ይላል።»

«አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አንቀጽ ነው። ማጣሪያው አዲስ መሆኑን እጽፍልሻለሁ።» በሩ ላይ ያለውን ስም ዞር ብላ አየች። «ክላይቭ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲህ የጸዳ ክፍል ግን በሥራ ዘመኔ አላየሁም።»

እንዳለችውም ጻፈች። በኋላ ኢንሹራንሱ «ማጣሪያዎቹ አዲስ ናቸው» የሚለውን መስመር ወስዶ፣ ድርጅቱ በየጊዜው እንደሚቀይር ማስረጃ አደረገው።

በዚያው ሐሙስ ማታ ስሄድ ክላይቭ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የሚስበው መድኃኒት እጁ ውስጥ ነው። ጥፍሮቹ ሥር ቢጫ ቀለም ገብቷል። ከንፈሩ ቀለሙን ቀይሯል። ሆስፒታል እንሂድ ስለው እምቢ አለኝ።

«ምን አለች?» አለ።

«አለፈ።»

«ወለሉን አየችው?»

«አየችው።»

«እና?»

ለመዋሸት አሰብኩ፤ አንድ መጥፎ ነገር አለች ልለው። «እንዲህ የጸዳ አይታ አታውቅም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን ጨፈነ።

«አጎቴ፣ ካሣው ቀረ። በቃ አለቀ። ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

አየር አጠራቀመ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለእሱ እንደ ደረጃ ሆኗል፤ መሐል ላይ ያርፋል። «እኔ ከሄድኩ በኋላ...» አለ። «ገብታ... ያን ሁሉ አይታ... ይሄ ነው የእነሱ ሥራ እንድትል?»

«እነሱ ማን?»

መድኃኒቱን ወደ አፉ ወስዶ ሳበ። እኔም መልሱን ስለማውቀው ተናደድኩ። በሩን ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።

ውሉ ቀጠለ። ከወራት በኋላ ሊኔት እንደገና ሳትደውል መጣች፤ በዚህ ጊዜ ቀኑን እኔም አላወቅሁም። ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወለሉ በተደራረበ ቀለም አብጧል፣ አየሩ ሞቷል። ክፍሉን በዚያው ቀን ዘጋችው። ዋረን ማጣሪያ በየጊዜው መግዛት ጀመረ፤ ጌጁም ተቀየረ። አዲሱ ዋና ቀቢ አሁን ደህና አየር ይተነፍሳል። እኔ የጻፍኩት አንቀጽ ሠራ ማለት ነው።

ሪፖርቱን ለኢንሹራንሱ ላክሁት፤ ጉዳዩን እንዲያዩት ለመንኳቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ሪፖርቱ የሚያሳየው ክፍሉ ችላ የተባለው አቶ ክላይቭ ሥራ ካቆሙ በኋላ መሆኑን ነው።

ይህን ለክላይቭ አላነበብኩለትም። ሊኔት ክፍሉን መዝጋቷን ብቻ ነገርኩት። በረንዳው ላይ ነበር፤ የኦክስጅን ቱቦው አፍንጫው ሥር ተለጥፏል። ፊቱ ሲፈካ አየሁት፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

«አላልኩሽም?» አለ። «እኔ እያለሁ እንዲህ አልነበረም።»

«አዎ» አልኩት። «ኢንሹራንሶቹም እንደዚያ ነው ያሉት።»