ከመኪናዋ ጋር ነው

ሰዓት ሠሪው አፉን ሞልቶ የሚናገራት አንዲት ነገር ነበረችው፤ «ጀርመን የሠራት መኪና ናት! በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ተበላሽታብኝ አታውቅም። ዋሽቼ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው!» ምላሱ አልተቆረጠም፤ እሱ እንደሚያየው ከሆነ እውነቱን ነበርና። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን መካኒክ ግን ቆጥሮት አያውቅም።

መካኒክ ከኋላ ወንበር ምን ይሠራል አትሉም? መኪናዋ በተገዛች በሳምንቷ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሰፈሩ ሁሉ ብሎን የሚለው መካኒክ ተጠርቶ መጥቶ አስነሳትና፣ «ድንገት ብትቆም፣ እስከ ቤት ልሸኛችሁ» ብሎ የዕቃ ሳጥኑን ታቅፎ ገባ። የፊቱ ወንበር የሰዓት ሠሪው ሚስት ቦታ ስለነበር ከኋላ ተቀመጠ። ይኸው እስከ ቤት የተባለው ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ብሎን ጠዋት ይመጣል፣ ከኋላ ይገባል፤ መኪናዋ ስትቆም ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሁለት ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ተመልሶ ይገባል። ሰዓት ሠሪው ይህን መበላሸት አይለውም። «ቆመች» ነው የሚለው። ሰውስ ይቆም የለ?

ሚስቱ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የፊቱ ወንበር ባዶውን ቀረ፤ ብሎን ግን ከኋላው ፍንክች አላለም፤ ሰዓት ሠሪውም ወደ ፊት ና ብሎት አያውቅም። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት በመስታወቷ እየተያዩ ሲጨዋወቱ ይሄዳሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰዓት ሠሪው ከዚያ ሌላ የሚያወራው ሰው አልነበረውም።

ነገሩ የተበላሸው በመኪናዋ ሳይሆን በዓይኑ ነው። ዕድሜ ልኩን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሲጎነበስ የኖረ ሰው ሩቁን ማየት ተሳነው። አንድ ቀን ታዲያ የመብራት ምሰሶን «እለፍ ወንድሜ፣ እለፍ» እያለ አሥር ደቂቃ መኪናዋን አቁሞ ጠበቀው። ልጁ ይህን ስትሰማ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

«በቃ አባዬ! ሰው ሳትገጭ መኪናዋ ትሸጥ» አለችና ገዢ አመጣች፤ ገዢዋ ዶክተር ናት፣ ቀልጠፍ ያለች፣ ነገር የማታበዛ።

ዶክተሯ ልትሞክራት መሪውን ያዘች። ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚስቱ ወንበር ተቀመጠ። ብሎንም እንደልማዱ ሳጥኑን ታቅፎ ከኋላ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ቀጥ አለች።

«ተበላሸች?» አለች ዶክተሯ።

«ኧረ በስመ አብ! ቆመች እንጂ!» አለ ሰዓት ሠሪው ተቆጥቶ።

ብሎን ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተመልሶ ገባ። መኪናዋ ተነሳች። ድልድዩ ጋ ደግሞ ቆመች፤ ደግሞ ወርዶ ገባ።

«እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?»

«እሱማ ከመኪናዋ ጋር ነው» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደው፣ ሳያስብ።

«እንዲያ ከሆነማ ጥሩ ነው» አለች ዶክተሯ። «ከክሊኒኩ ጀርባ ክፍል አለኝ፣ እዚያ ይኖራሉ። ሁለቱንም እወስዳለሁ።»

ሰዓት ሠሪው ክው አለ። ለካስ መኪናዋን ሲሸጥ ብሎንንም አብሮ እየሸጠው ነው! በመስታወቷ አየው፤ ብሎን ሳጥኑ ላይ አቀርቅሯል። ነገ ጠዋት ማን ሊመጣ ነው? ከማን ጋር ሊያወራ ነው?  የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሞት የማይሻል።

«አይግዟት!» ብሎ ጮኸ። «ጉድ ናት ዶክተር! በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን በወጉ ሄዳ አታውቅም! ተበላሽታለች፣ ትበላሻለች፣ ስትፈጠርም ብልሽት ናት!»

ሃያ ሁለት ዓመት ያልወጣ ቃል ነው፤ ሲወጣ ጊዜ ላብ አጠመቀው።

ብሎን በሩን ከፍቶ ሳጥኑን ይዞ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል። «ስሟን አታጥፋ ጋሼ! ውረድ አንተም። ዶክተር፣ እስቲ ብቻዎን ይንዷት።»

ዶክተሯ ነዳች። ሁለቱ ሽማግሎች ድልድዩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከድልድዩ ማዶ ያለውን አደባባይ አንዴ ዞረች። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ድምጿ እንኳ አይሰማም።

«አንዴም አልቆመችም!» አለች ዶክተሯ በመስኮት ብቅ ብላ። «መኪናዋን ወስጃለሁ። ሰውዬው ግን ይቅርታ፣ አያስፈልጉኝም።» ሄደች።

ሁለቱ ወደ ቤት በእግር አዘገሙ። ሰዓት ሠሪው ከፊት፣ ብሎን ሁለት እርምጃ ከኋላ። ጥቂት እንደሄዱ ብሎን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ከኋላው ወንበር ሥር አንዲት ሽቦ አለች። በእግሬ ነካ ሳደርጋት መኪናዋ ትቆማለች። እትዬ ካረፉ ወዲህ ሌላ ብልሽት አልነበራትም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ዶክተሯ ትታት ትሂድ ብዬ።»

ሰዓት ሠሪው እርምጃውን አላቋረጠም። «ስትነካት ቀጭ ትላለች። ሰዓት ሠሪ እኮ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ።»

ብሎን ደርቆ ቀረ። «ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ደህና መሆኗን እንዳወቅሁ ብነግርህ ትወርድብኝ የለ?»

 ሰዓት ሠሪው ቆሞ ዞር አለ፤ ዓይኑ ሩቅ አያይምና፣ ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመውን ሰው ለማየት ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«ወደ ፊት ና» አለው።

ብሎን ሳጥኑን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና ከጎኑ ሆነ።