ከበሩ አንድ ስንዝር የሰፋው አክስል

"በያጁ ያንን ብረት አቅፎ ሲያለቅስ በዓይኔ በብረቱ አየሁት!" ብላ ሰፈሩን ያዳረሰችው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ናት። የእሷን ወሬ ሁሌም ግማሹን ትቶ ግማሹን ማመን ነው፤ የዛን ቀን ግን አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሰውየው እውነትም በእንባ ብረቱን በአንድ እጁ አቅፎ፣ የግቢው በር ሥር ተንበርክኮ፣ ሜትሩን ለአራተኛ ጊዜ በሩ ላይ ዘርግቶ፣ ቁጥሩ እንዲለወጥለት የሚለምን ይመስል አፍጥጦበታል።

ሚስቱን እግሯም ኩላሊቷም ከድተዋታል። በሳምንት ሦስቴ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ ካልታጠበ አለቀላት። ታክሲ ኮረኮንቹን ሸሽቶ አይገባም፤ እስከ አስፋልት በወንበር ነበር የሚሸከሟት። አንድ ቀን አንዱ ተሸካሚ አዳለጠውና ጣሏት። ከዛ ወዲህ "ሞቼ ነው የምትሸከሙኝ!" ብላ እምቢ አለች። ያለፈው እጥበት ቀርቶባት ፊቷ አብጧል። ነገም ከቀረ ያለ እጥበት አራተኛ ቀኗ ነው።

በያጁ ግን ተፈታቶ በሣጥን የሚመጣ፣ ሰው እቤቱ የሚገጣጥመው መኪና ይዞ ዓመት ሙሉ ሲታገል ነበር። ሻንሲው፣ የመኪናው አጽም፣ አለቀ፤ ሞተሩ ገባ፣ የእሷ ተሽከርካሪ ወንበር የሚወጣበት ሳንቃ እንኳ ተሠራ። የቀረው የኋላ አክስል፣ ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያያይዘው ብረት ነው፤ እሱ ከሣጥኑ ጋር አይመጣም፣ ከአሮጌ መኪና ላይ ይፈታል።

እሱም መረጠ። ለሚስቱ ነውና የፒካፕ አመጣ፣ በሬ የሚያህል! ከሻንሲው ጋር ለካ፣ ከጎማው ጋር ለካ። የግቢውን በር ረሳው፤ አክስሉ በአንድ ስንዝር በለጠው፣ መኪናው ተገጥሞ ቢያልቅም በበሩ አያልፍም። አይ ወንድ!

መካኒክ ጓደኛው ሲሮጥ የትንሽ ታክሲ አክስል ይዞለት መጣ። ይሄኛው በበሩ እየሳቀ ያልፋል።

"ግን ዲፈረንሻሉን፣ ጎማውን የሚያዞረውን ጥርስ፣ ከፍቼ አይቼዋለሁ" አለ መካኒኩ፣ "ጥርሱ እንደ አያቴ ነው፤ ተበልቶ አልቋል። ዳገቱ ላይ ከከዳህ ደግሞ…"

"ይብቃህ!"

"ታዲያ ትልቁን ቆርጠህ አጥብበዋ! በያጅ አይደለህ?"

በያጁ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። "እጄን ለሰው መስኮት አምነዋለሁ። እሷን ጭኜ ግን አላምነውም።"

"እሺ ውጭ እንግጠመው።"

"እና መኪናው አልጋዋ ድረስ ካልገባ፣ ከነወንበሯ የቤቱን ደረጃ ማን ያወርዳታል? ያው ሸክም ነው!"

ከመስኮቱ የሚስቱ ድምፅ መጣ። "አንተ ሰውዬ! ብረት አቅፈህ ታለቅሳለህ አሉ! እኔን እንደዛ ያቀፍከኝ መቼ ነው?" ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ተቋረጠ።

በያጁ ብድግ አለ፤ ትልቁን መዶሻ አነሳ። ከበሩ በአንድ ወገን እሷ የተኛችበት ክፍል ነው። በሌላው ወገን የጎረቤቱ የሽማግሌው ግንብ ነው።

"ምን ልታደርግ ነው?" ብለው ሽማግሌው በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡና ግንቡን በጀርባቸው ከለሉት።

"ጋሼ፣ አንድ ስንዝር ብቻ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።"

"ድንጋዩን አንድ በአንድ በእጄ የካብኩት ነው! ሠላሳ ዓመት ንቅንቅ አላለም!"

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "ሽማግሌ ይግባበት" አለ። አንዷ "እስከ ሳምንት ይቆይና ይመከርበት" አለች። ሁሉም አፍ አወጣ፤ በያጁ ብቻ መዶሻውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሰዉን ገፍታ ገባች። በጥርሷ የያዘችውን መርፌ አወጣች።

"ጋሼ፣ ልብስ ሲጠብ ስፌቱ ይተረተራል እንጂ የሰው ትከሻ አይቆረጥም። ግንቡን ነገ ሰብሰብ ብለን መልሰን እንክብልዎታለን። እሷን ግን ከምን እንክባታለን?"

ሽማግሌው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ከግንቡ ፊት ፈቀቅ አሉ።