ያልታጠበው ደረጃ

ሰው ውል ሳይኖረው ሌላውን ቢጎዳ ካሳውን ማን ይክፈል የሚለውን ሕግ፣ ልጅቷ ከነአንቀጹ ልቅም አድርጋ ታውቀዋለች። ስለ ፈተናው ሲነሳ ክፍሉ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እሷ ግን ቀኑ በደረሰልኝ ባይ ናት። አንድ ነገር ብቻ ይቆጠቁጣታል፤ አብሯት የሚፈተነው የገዛ አባቷ ነው። አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እሷ ዩኒቨርሲቲ በገባች ዓመት እሱም ሕግ ልማር ብሎ ተመዘገበ። የክፍሉ ልጆችም «አሳንሰር» የሚል ስም አወጡለት፤ ሲጠሩት ከት ብሎ ይስቃል።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሱ ወርክሾፕ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግራሶ ጠርገው ተቀመጡ። አባትየው መነጽሩን አድርጎ የአምናውን ጥያቄ ማንበብ ጀመረ።

«የጽዳት ሠራተኛዋ ከምድር ቤት እስከ አንደኛ ፎቅ ያለውን ደረጃ በሳሙና አጥባ፣ ምልክት ሳታደርግ ሄደች። አንዲት ባለጉዳይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስትወርድ ወድቃ እጇ ተሰበረ። መሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል ወይ?»

«ይቺማ ቀላል ናት» አለች ልጅቷ። «ጥፋት አለ፣ ጉዳት አለ፣ አሠሪው ይክሳል። ቀጥል።»

አባቷ ግን ወረቀቱን አልገለጠም። «የት ነው የወደቀችው?»

«ደረጃው ላይ ነዋ፣ አባዬ።»

«የቱ ደረጃ ላይ?»

ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ እንደገና አነበበች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። «ገና እርጥቡ ጋ አልደረሰችም» አለች ቀስ ብላ። «ስለዚህ ጉዳቱን ያመጣው ያ ጥፋት አይደለም።»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ። ይሄን የሚለው አንቀጽ ስንተኛው እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ።»

እዚያው ተስማሙ። እሷ እንግዲህ ታሪኩን በቃሏ ሳትነግረው እስክሪብቶ አትነካም። እሱ ደግሞ አንድ ላይ የሚከምረውን መልስ በአንቀጽ በአንቀጽ እየለየ ይጽፋል። እስከ ማታ አሥራ አንድ ጥያቄ ጨረሱ። አሥራ አንደኛው ላይ ተከራክረው ተኮራረፉ፤ ሻይ ሲመጣ ታረቁ።

ሰኞ ዕለት ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ገጽ ተኩል ይሞላል፤ ነፋስ የጣለው የማስታወቂያ ሰሌዳ መኪና ጨፍልቋል። ዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ወዲያው መጻፍ ጀመሩ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሁለት ጊዜ አነበበች። ባለቤቱ ሰሌዳውን ከአደጋው ሳምንት ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው እንደሸጠ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር በጥያቄው ሦስተኛ አንቀጽ መሀል ተሸጉጦ ነበር። እንግዲህ የሚጠየቀው ገዢው ነው። ፈገግ አለችና መጻፍ ጀመረች፤ እጇም አልቆመም።

ውጤት ሲለጠፍ እሷ ዘጠና አንድ፣ አባቷ ሰባ ስምንት አገኙ።

«በአንቀጽ ቁጥር ነው የበለጥሽኝ» አለ፣ ውጤቱን በጣቱ እየተከተለ።

«እሱንም ቢሆን አስተምሬህ ነበር።»

«አስተምረሻል፤ አልካድኩም። ቀጥሎ የምንማረው የውል ሕግ ላይ ግን ትጠነቀቂያለሽ። ስንት የጥገና ውል እንደፈረምኩ አታውቂም።»

ክንዱን ይዛ ወደ ሬጅስትራር ወሰደችው፤ ለሚቀጥለው ተርም ሊመዘገቡ።